አጋፋሪ ገረመውና እንግዶቻቸው

በየሰፈሩ እንግዳ ካልመጣለት እህል የማይወርድለት ሰው አይጠፋም። በሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን «ግቡ እንጂ!» የሚል፣ «ጠግቤያለሁ» ብትሉት የሚቀየም። አሜሪካ ለምንኖረው ለሳን ሆዜዎቹ የደረሱን ክቡር አጋፋሪ ጎረቤቴ ጋሽ ገረመው ናቸው። እሳቸው የሚጋብዙት ግን ወፍ ነው።

ጡረታ እንደወጡ ጓሯቸውን በሙሉ ፍሬ ተከሉበት፤ በለስ፣ ሮማን፣ እንጆሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አጥራችን ጥግ ያለችውን፣ ቲማቲም የሚመስል ጣፋጭ ፍሬ የምታፈራውን ፐርሲሞን። እጄን ወደ ቅርንጫፉ ስሰድ ካዩኝ «ተይ! እሱ የእንግዳ ነው!» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው የሚበሉት ከሱቅ የገዙትን ሙዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮፍያቸውን ደፍተው ከዛፏ ሥር ይቆሙና «ብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን!» እያሉ ይለምናሉ። አንዷን ድንቢጥ ስለ ግፊያዋ ሲገሥጿት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዶቹ ታዲያ በልተው ሲያበቁ ኩሳቸውን የሚያራግፉት እኛ መኪና ላይ ነው። ባለቤቴ ኤርምያስ ሰው የሚያመላልስባት ነጭ መኪና ዝንጉርጉር ሆና ትውላለች። ባለፈው ኅዳር አንድ ተሳፋሪ አይቶ ሲስቅበት ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ ወደኛ የዞረውን ቅርንጫፍ ላስቆርጥ ነው። ለቅዳሜ አፖይንትመንት ይዣለሁ» አላቸው።

ወደኛ የዞረው ማለት የዛፏ ግማሽ ነው። ጋሽ ገረመው «እሺ ልጄ» ብቻ ብለው ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ዛፍ ቆራጩ መስሎን ስንከፍት ነጠላ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። «ተቀመጡ» ብንል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ልጄ ሐኒ ከደረጃው ላይ አይታቸው ጮኸች፤ «ማሚ፣ አይም ኖት ጌቲንግ ሜሪድ! አላገባም!»

«አንቺን ብለን አይደለም ልጄ» አሉ አንጋፋው ጋሽ ዘነበ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «የመጣነው ስለ ዛፏ ነው። የገረመው ልጆች እዚሁ ቅርብ ሬድውድ ሲቲ ናቸው፤ ግን ሁሌ ቢዚ ናቸው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ያንን ቤት የሚረግጡት እነዚሁ ወፎች ናቸው። እነሱ ሲበሉ እሱም ይበላል፤ ሲቀሩ ምሳውን ይረሳል። እባካችሁ ዛፏን ማሩለት።»

እኔ በመስኮት ወደ አጥሩ አየሁ። አንድ ኮፍያ ከጣውላው በላይ ብቅ ብሏል። ወጉ ነዋ፤ ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይመጣም፣ ርቆ ፍርዱን ይጠብቃል። የጋሽ ገረመው ርቀት ግን እስከ አጥሩ ነው። እወዳቸዋለሁ እኚህን ሰውዬ፤ ንዝንዛቸውን ያልሰማሁበት ጠዋት ቅር ሲለኝ ይውላል።

ኤርምያስ ስልኩን አወጣና ቀጠሮውን ካንስል አደረገ። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁን እጃቸውን ሲዘረጉ ግን «ቆይ፣ እኛም ቅድመ ሁኔታ አለን» አልኩ፣ ድምፄን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ። «ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ገረመው ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳቸውን የሚበሉት እኛ ዘንድ ነው። እምቢ ካሉ ዛፏ ትቆረጣለች!»

ኮፍያው ከአጥሩ ላይ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ በሩ ተንኳኳ።