«ስለ እኔ» የሚባለው ገጽ

አንድን የመካነ ሰላም ሰው ስለ ጎረቤቱ ጠይቁት። ተቀምጣችሁ ጠይቁት ታዲያ፤ ቆማችሁ ከሆነ እግራችሁ ያልቃል። የጎረቤቱን አያት ስም፣ የአያቱን በሬ ቀለም፣ በሬው ያፈረሰውን አጥር ሳይቀር ይዘረዝርላችኋል። አሁን ደግሞ ስለ ራሱ ጠይቁት። አንገቱን ይሰብራል፣ ጫማውን ያያል፣ ከዚያ «አለን፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። አለቀ። ክርስቲያኑም የሚለው ይህንኑ ነው። ራስን ማወደስ ነውር ነው፤ የሚያወድስህ ሰው ከሌለህ ዝም ብለህ ትኖራለህ።

ይህን ሳላውቅ አላደግሁም፤ እዚሁ ነው የተወለድሁት። ግን ሰው የትምህርት ዕቅድ ሊጽፍ ሲቀመጥ የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል። ቅጹ ነው የሚያስረሳው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን ባለች አንዲት ትንሽ ማሠልጠኛ ውስጥ ለጀማሪዎች ድረ ገጽ መሥራት እንዳስተምር ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠርሁ። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፣ ተቆጣጣሪው አቶ ሞላ ሐሙስ መጥተው ትምህርቴን እንደሚያዩ ተነገረኝ። የሚይዙት ቅጽ መጨረሻው ላይ ሁለት ሳጥን አለው፦ «ይቀጥላል» እና «አይቀጥልም»። የራይት ምልክቷ ሁለተኛው ላይ ካረፈች አዲስ አበባ፣ አጎቴ ሶፋ ላይ መመለሴ ነው። ሶፋውን አውቀዋለሁ፤ ሶፋውም ያውቀኛል፤ አንዋደድም።

እናም ዕቅድ ጻፍሁ። አምስት ደቂቃ መግቢያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ተግባር፣ አምስት ደቂቃ ማጠቃለያ። ዓላማው ላይ «ሠልጣኞች በትምህርቱ መጨረሻ ስለ ራሳቸው የሚናገር አንድ ገጽ ይሠራሉ» አልሁ። ደግሜ ሳነበው በራሴ ኮራሁ። ለሰው ግን አልተናገርሁም፤ ነውር ነዋ!

ሠልጣኞቼ ሦስት ናቸው። እትዬ ጦይባ ዐረብ አገር፣ ጅዳ ከተማ ዘጠኝ ዓመት ኖራ የተመለሰች፣ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ እጇ ከገባ ሳይሠራ የማይወጣ ሴት ናት። መሪጌታ ጥበቡ የቅኔ መምህር ናቸው። አያ ይማም ደግሞ ከከላላ እስከ ወረኢሉ የታወቀ የበቅሎ ነጋዴ ነው፤ የመጣው በቅሎዎቹን በድረ ገጽ ሊያስተዋውቅ ነው።

ማክሰኞ ዕቅዴን ሞከርሁት። ገጽ በሚጻፍበት ኮድ የሚከፈተውን ምልክት መክፈቱን፣ የተከፈተውን መዝጋቱን፣ ርእሱን ማተለቁን አሳምረው ተማሩ፤ በዚህ አልታማም። «በሉ፣ ስለ ራሳችሁ ጻፉ» አልሁና ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ ዞሬ አየሁ።

እትዬ ጦይባ «ጦይባ እባላለሁ። አለሁ» ብላ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አያ ይማም ስሙን ብቻ አስፍሮ፣ ከሥሩ ስለ አንዲት ዳማ በቅሎ ወረቀት የሚሞላ ወሬ ጽፏል። መሪጌታ ደግሞ፣ የብራና ጸሐፊዎች በመጽሐፉ መጨረሻ በትንሹ የሚያደርጉትን እርሳቸው ከላይ በትልቁ ርእስ፣ ያውም በቀይ ቀለም አደረጉት፦ «እኔ ደካማውና ኃጢአተኛው»። ከታች የበደል ዝርዝር ይከተላል።

«መሪጌታ፣ ይኸን እኮ ዓለም ሁሉ ነው የሚያየው!» አልኋቸው።

«ይየው! አይቶ ይጸልይልኛል» አሉ።

«እትዬ ጦይባ፣ ያን ሁሉ ሙያ ይዘሽ ‹አለሁ› ብቻ?»

«ወላሂ ነውር ነው፣ ወንድምዓለም! ሰው ራሱን ያሞግሳል እንዴ? ከፈለግህ ሌላ ሰው ይጻፍልኝ።»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሶፋው ዐይኔ ላይ ሲመላለስ ዋለ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ወደ ማታ ግን የጦይባ ቃል ትዝ አለኝ፦ ሌላ ሰው ይጻፍልኝ። ከዕቅዴ ላይ «ስለ ራሳቸው» የሚለውን ሰርዤ «አጠገባቸው ስላለው ሰው» አልሁ። ሦስት ሰው ሁለት ሁለት ሲደረግ አንዱ ብቻውን እንደሚቀር አላሰብሁም። ቅጹ ለዚያ ቦታ የለውም።

ሐሙስ አቶ ሞላ ከኋላ ተቀመጡ። ትእዛዙን ስሰጥ ክፍሉ የገበያ ቀን መሰለ። መሪጌታ ስለ ጦይባ «የደብራችን ድምፅ ማጉያ አንደበቱ ተዘግቶ ሳለ በአንዲት ቢላዋ ጫፍ የከፈተችለት ባለሙያ» ብለው ጀመሩ። ጦይባ ስለ መሪጌታ «ለሱብሒ ሶላት የሚቀሰቅሱኝ እሳቸው ናቸው። ድምፅ ማጉያውን በመሥራቴ የሚቆጨኝ ብርድ ሲሆን ብቻ ነው» አለች። ልቤ ሞላ። በዚያው ሙላቱ ወደ አያ ይማም ዞርሁ።

አያ ይማም ከጎኑ ሰው አልነበረውም። ቀና ሲል ያገኘው እኔን ነው። ጽፎ ጨርሷል፤ የከፈተውን ሁሉ ዘግቷል፤ ከሦስቱ ገጾች አንድም ስሕተት የሌለበት የእርሱ ነው። አቶ ሞላ መነጽራቸውን አጥልቀው ጮክ ብለው አነበቡት፦

«አስተማሪያችን። ዕድሜው ሠላሳ አንድ፤ ጥርሱን አይቻለሁ፣ ልክ ነው። እግሩ ቀጭን ነው፣ ዳገት ግን ይችላል። አይናከስም፣ አይራገጥም። ኃላፊ ሲያይ ይበረግጋል። ጭነት ሲበዛበት ይቆማል፤ ሲያባብሉት ይሄዳል። ገና በደንብ አልተገራም። የሚያቆየው ሰው ግን አያፍርበትም።»

«አያ ይማም!» አልሁ።

«አፉ በለኝ። ጉድለትህን ደብቄ ብጽፍ መልካሙን ማን ያምነኛል?»

አቶ ሞላ አልሳቁም። ቅጻቸውን አገላብጠው «የአሠልጣኙ ጠባይ» የምትል ባዶ መስመር ላይ ደረሱ። እዚያች መስመር ላይ ሁልጊዜ ብዕራቸውን እያኘኩ ይቆያሉ ይባላል። ያን ዕለት ግን ከኮምፒውተሩ ማያ ላይ እያዩ ቀዱት፦ «አይናከስም፣ አይራገጥም። ገና በደንብ አልተገራም።» ከዚያ ምልክቷን «ይቀጥላል» ላይ አሳረፏት።

ሥራዬን አገኘሁ፤ አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ገጹን ላጠፋው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ለጀማሪ የሚሆን ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ ስለሌለኝ እስካሁን የማስተምረው በእርሱ ነው። ዓለም ሁሉ ያየዋል ያልሁትም እኔው ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አያ ይማም አጠገብ የቆመ አንድ የማላውቀው ሰው ሰላም አለኝ። ፈገግ ስልለት ጥርሴን ትክ ብሎ አየ፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ እግሬን አየና «ዳገት ይችላል ያልኸው በዚህ ነው?» ሲል አያ ይማምን ጠየቀው። ባለሁበት ቆምሁ። አያ ይማም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አብሽር፣ አብሽር» አለኝ።

ሄድሁ።