ሰልስት ያልጠበቀችው ንግሥት

ሬሳ ከወጣበት ቤት መጀመሪያ የሚደርቀው የወራሽ ዓይን ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ እኔም የመሠረተ ትምህርትን ወንበር ያሞቅሁት አንድ ክረምት ብቻ ነው። በደብረ ታቦር ግን ያላለቀስሁበት ድንኳን የለም። በሰፈራችን ሙሾ የማወርድ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልደርስ ደረት አይመታም። ሀብታሞቻችን እኔ ሳልታመም ለመሞት ይቸኩላሉ ቢባል የተጋነነው ትንሽ ነው።

ይህን ማዕረግ ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ስትመኘው ኖራለች። ድምጧ መልካም ነው፤ ዝም ስትል።

እንግዲህ ልጄ ዲሽ አስተከለልኝ። አማርኛ ያስተማሩት አንድ የፈረንጅ ድራማ አለ። መኳንንቱ ዘንዶ ይጋልባሉ፤ ጢሙ እንደ ገብስ ነዶ የቀላው ንጉሥ አፉ ሌላ ይላል፣ ድምጡ አዲስ አበባ ነው። ዘንዶውን አመንሁ፤ ዘንዶ በገድልም አለ። ያላመንሁት ቀብሩን ነው። ንጉሡ በሞተ ዕለት ታላቂቱ ልጁ፣ ሬሳው ሳይገነዝ ዘውድ ጫነች። ሰልስት የለ፣ አርባ የለ፣ ፀጉር መላጨት የለ። ኀዘኑ ይቆየኝ፣ አገሩ ይቅደም አለች። ወንድሟም የአባቱ ሬሳ ራስጌ ቆሞ ሰይፍ መዘዘባት። ያ ሁሉ ሎሌ እንደ አጥር እንጨት ተገትሮ አንድ «ወይኔ ጌታዬ» የሚል ይጥፋ? የበላው እንጀራስ? እኔ ሰው በፊቴ ሳይለቀስለት ሲቀበር ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ብድግ አልሁና በሙሉ ድምጤ አወረድሁለት።

ይኸኔ መብራት ጠፋ። ንጉሡ ከነዘንዶው ጨለመ፤ የቀረው የኔ ዋይታ ነው።

በአገራችን ዋይታ የሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ አልቅሶ ይገባል፣ ኋላ ያጣራል። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ወንድሜ ደምሌ ሳል ጠንቶበት ወደ ይፋግ ጠበል ከሄደ ሰንብቷል፤ ከቤቴ ሊሞት የሚችል ሌላ ሰው አልታያትም። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ደረቷን እየመታች ጀመረች፦

በሬህ ጋፋት ቆሞ ይጠራል ስምህን፣
ደምሌ ለማን ሰጠህ ሞፈር ቀንበርህን?

ግቢው የሞላው ሰው በአንዴ ተንሰቀሰቀ። ምን ልበል? የሞተብኝ የቴሌቪዥን ንጉሥ ነው ልበል? ከዚያ በኋላ ማን ሬሳውን ያምነኛል? እኔም ነጠላዬን ዘቅዝቄ ተቀመጥሁ። በገዛ ቤቴ እኔ ለቀስተኛ፣ ጥሩወርቅ ባለሥልጣን ሆነች። እንዲያውም ከልቤ አለቀስሁ፤ ለደምሌ አይምሰላችሁ፣ ግጥሙ ስላማረ ነው።

ደምሌ ከይፋግ ተሽሎት የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከመኪና ወርዶ ለቅሶ ቢሰማ እሱም እንደ ወጉ «ወየው፣ ወየው» እያለ ገብቶ ከወንዶቹ መሐል ቆመ። ስሙን ሲሰማ «ወየው»ን ትቶ ወደ ፊት ወጣ። ያዩት ሴቶች አንዷ አማተበች፣ አንዷ ወደ በሩ ሸሸች፤ የጥሩወርቅ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ደምሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቀጥዪ እንጂ፣ ሞፈሩን ለማን ሰጠሁት?» አይል መሰላችሁ።

ነገሩ ሲጣራማ ሰው ከለቅሶው ይልቅ በሳቁ ብዙ እንባ አፈሰሰ። ደምሌ ብቻ አልሳቀም። ሁሉም እየሰማ፣ «እታለም፣ አንቺም ክፉ አይደለሽ፤ እኔ የሞትሁ ዕለት ግን ጥሩወርቅ ታልቅስልኝ» አለ።

ሟች ራሱ ከመሰከረ ይግባኝ ለማን ይባላል? በሳምንቱ የሰፈራችን ቄስ እናት ሲያርፉ የተላከው ወደ ጥሩወርቅ ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ ተቀባይ ሆንሁ።

ከዚያ መልስ ቴሌቪዥኑን ብከፍተው ንግሥቲቱ ዙፋኗ ላይ ናት። ብዙ ሰድቤያታለሁ፤ ይቅር ትበለኝ። ሰልስት ጠብቃ ቢሆን ኖሮ ያገሯ ጥሩወርቅ ትቀመጥበት ነበር።