አለመጣላትዎን ስለማሳወቅ

በታቦር ተራራ ግርጌ ያለችው አጥቢያ በመንፈስ ጤነኛ መሆኗ የግምት ጉዳይ አይደለም። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው በመስታወት ተለብጦ በሽማግሌዎች ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚጠራጠር ሰው ጫማውን ጠርጎ ገብቶ ማንበብ ይችላል።

ጤንነቷ የታወቀው እንዲህ ነው። የቀጠናው ጽሕፈት ቤት በየሩብ ዓመቱ «የአጥቢያዎች መንፈሳዊ ጤንነት መመዘኛ» የሚባል ቅጽ ይልካል። ቅጹ አሥራ ሰባት ጥያቄዎች አሉት፤ ስንት ሰው ተጠመቀ፣ የጸሎት ስብሰባ ስንት ጊዜ ተካሄደ፣ የአዳራሹ ቀለም መቼ ታደሰ እያለ ይሄዳል። ዘጠነኛው ጥያቄ «በምዕመናን መካከል ያለ ጠብ ብዛት» ይላል። የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ከአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል በጡረታ የወጡ፣ በቅጽ ላይ ባዶ ሣጥን ካዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። በዚህች ሣጥን ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ሩብ ዓመት ሳይዘሉ፣ እንደ እንቁላል ያማረች ዜሮ ሲጽፉ ኖረዋል።

ሌሎችም ይማሩበት ዘንድ ዜሮዋ እንዴት እንደተገኘች መናገር ይገባል። ምዕመናኑ ስለማይጣሉ አይደለም። ይጣላሉ፤ በአጥር ይጣላሉ፣ በልጅ ይጣላሉ፣ አዳራሽ ውስጥ ማራገቢያው ሥር ባለችው ወንበር ይጣላሉ። ጋሽ ደምሴ ግን ጠብን ማጥፋት ከባድ፣ ጠብን አለመቁጠር ደግሞ ቀላል መሆኑን ከሁሉ ቀድመው የተረዱ መሪ ነበሩ። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር። በአጥቢያዋ ተረቱ ተሻሽሏል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ምን ያደርግለታል?

ከዚህች ዜሮ ጥላ ሥር ከሚኖሩት አንዷ ታቢታ ነበረች። ባህል አዳራሽ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አላት፤ እሑድ እሑድ ከመዘምራን ጋር ትዘምራለች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነችው ሩሀማም ከጎኗ ቆማ ትዘምራለች። ከመስከረም ወዲህ ግን አይነጋገሩም።

ነገሩ የመጣው በመስከረሙ ኮንፈረንስ ነው። የመዘምራኑን አዲስ ልብስ የሰፋችው ታቢታ ነበረች። ሩሀማ ከፍ ያለውን ድምፅ ልታወጣ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ስታነሣ፣ ልብሷ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተረተረ። ሦስት ሺህ ሰው ፊት። ከመድረክ እንደወረደች «ሆን ብለሽ ነው» አለቻት። ታቢታ ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባትም፣ ከአፏ የወጣው ግን «እኔ የሰፋሁት ለአምናዋ ሩሀማ ነው» የሚል ሆነ።

ከዚያ በኋላ አንድ ማይክ ለሁለት ይዘው፣ አንዷ ወደ ግራ አንዷ ወደ ቀኝ እያየች ስለ ፍቅር ሲዘምሩ ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ከቀጠናው የመጣ እንግዳ አያቸውና፣ ሁለት እህቶች በአንድ ማይክ መዘመራቸው ልቡን ነክቶት በምስክርነት መልክ ለጉባኤው ተናገረ። ጉባኤው አጨበጨበ። የሚያውቁትም አጨበጨቡ፤ እንዲያውም የሚያውቁት ይበልጥ አጨበጨቡ።

በሚያዝያ መጀመሪያ የሩሀማ ሠርግ ከመድረክ ታወጀ፤ ቀኑ ለግንቦት ሃያ ሦስት ተቆረጠ። ታቢታ ዜናውን እንደማንኛውም ሰው ከማስታወቂያ ሰማች። ከአሥራ አራት ዓመታቸው ጀምሮ የሩሀማን የሠርግ ልብስ የምትሰፋው እሷ፣ አንደኛ ሚዜዋም እሷው እንደምትሆን ተነጋግረው የጨረሱት ጉዳይ ነበር። አሁን ሩሀማ ልብስ ልትከራይ ነው የሚል ወሬ መጣ። ታቢታ ይህን ስትሰማ መቀሷ ጨርቅ ላይ ቆመ። ያ ቀን ሳይታረቁ ካለፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚታረቁት ሌሎች ሁለት ሴቶች እንደሚሆኑ ታወቃት።

ሦስት ጊዜ ልትደውል ስልኳን አነሣች፤ ሦስቱንም ጊዜ ያች ክፉ ቃሏ ትዝ እያለቻት መልሳ አስቀመጠችው። የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል፤ ወጉ ይኸው ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ቢሮ ሄደች።

ጋሽ ደምሴ ወንበር ሰጧት፣ ሥራ እንዴት እንደሆነ ጠየቋት። ጥግ ላይ መጋቢ ፋሲል ተቀምጠው ነበር፤ ከሁሉም ሰው ጋር በሁሉም ነገር የሚስማሙ ወጣት አገልጋይ ናቸው። ታቢታ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ከሩሀማ ጋር እንዲያስታርቋት ጠየቀች።

«ተጣልታችኋል እንዴ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ከመስከረም ጀምሮ፣ ጋሼ። ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ሰው ሁሉ ያውቅ ይሆናል። ሪፖርቱ ግን አያውቅም።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ከመስከረም አልሽኝ። ይኸ እኮ ሦስት ሩብ ዓመት ነው፣ ልጄ። እናንተን ለማስታረቅ ሦስት ሪፖርት ላርም ነው?»

ታቢታ እርቅ ለነገ እንደማይባል ከራሳቸው ስብከት መስማቷን በትሕትና አስታወሰቻቸው።

«ስብከት ሩብ ዓመት የለውም» አሉ። «ሐምሌ ይግባና እናየዋለን።»

«ሠርጓ ግንቦት ነው።»

«እስከዚያ ሳትታረቁ ሰላም ተባባሉ።»

መጋቢ ፋሲል ሁለቱም ወገን ትክክል መሆኑን ገልጸው በጸሎት ዘጉ።

በሳምንቱ ለታቢታ ደብዳቤ ደረሳት። «ጉዳዩ፦ አለመጣላትዎን ስለማሳወቅ» ይላል። «በቃል ያቀረቡት የእርቅ ጥያቄ በሽማግሌዎች ጉባኤ ተመርምሮ፣ ለጥያቄው መነሻ የሚሆን ጠብ በመዝገብ ባለመገኘቱ፣ ከእህት ሩሀማ ጋር ያልተጣሉ መሆኑን እየገለጽን፣ ይህንኑ ተገንዝበው በተለመደው ፍቅር እንዲቀጥሉ እናሳስባለን።» ከታች ጋሽ ደምሴ በደንብ የሚያውቁት የቢሮ ሥርዓት ተከትሏል፤ ግልባጭ ለመዘምራን ክፍል፣ ግልባጭ ለመዝገብ ቤት፣ ግልባጭ ለእህት ሩሀማ።

በማግስቱ ሩሀማ ግልባጩን እያርገበገበች ስፌት ቤቱ ገባች። ሰባት ወር ያልረገጠችውን ደፍ የረገጠችው ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ነው።

«ይቺን አይተሻል?»

«አይቻለሁ» አለች ታቢታ።

«ያልተጣሉ መሆኑን እየገለጽን ይላሉ። እነሱ ማን ሆነው ነው አልተጣላሽም የሚሉኝ? ሰባት ወር ሙሉ በዚህ በር ላለማለፍ ባጃጁን አዙረው እያልኩ የኖርኩት ለሽርሽር ነው?»

«እኔም እሑድ እሑድ ሆዴን እያመመኝ ነው የምዘምረው።»

«እሱስ ድምፅሽ ያስታውቃል።»

ታቢታ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ያዘችው። ሩሀማ ቁጣዋ ስላላለቀ ደብዳቤውን እንደገና ከላይ ጀምራ ታነብ ጀመር። አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«የእርቅ ጥያቄ ያቀረብሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ሠርግሽ በታወጀ ሰሞን።»

«ለምን እኔ ጋ አልመጣሽም?»

«ያን ቃል ከተናገርኩ በኋላ በምን ፊቴ?» አለች ታቢታ። «ጨርቁ አንሶኝ ነው፣ ሩሄ። አጥብቤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ደብቄሽ ደግሞ በሰውነትሽ አሳበብኩ። ይቅር በይኝ።»

ሩሀማ ማሽኑ አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ታቢታ ሆን ብላ አለማድረጓን ያኔውኑ ታውቅ እንደነበር፣ ነገር ግን ሦስት ሺህ ሰው አይቷት ሦስት ሺህ ሰው መስደብ ስለማትችል አንዷን እንደሰደበች ተናገረች። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ ቀጥሎም «በተለመደው ፍቅር እንዲቀጥሉ» የሚለውን በጋሽ ደምሴ ድምፅ እየደጋገሙ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቁ። በመጨረሻ ሩሀማ ተነሥታ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«በይ ለኪኝ» አለች። «የዘንድሮዋን ለኪ።»

እንግዲህ አጥቢያዋ ባወጣችው ደብዳቤ ኃይል፣ ያልተጣሉት ሁለቱ እህቶች ሳይታረቁ ታረቁ። ጋሽ ደምሴ ይህን አላወቁም። እሳቸው ቀጠናው በየዓመቱ የሚሸልመውን የጤነኛ አጥቢያ ዋንጫ የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ በማሠራት ላይ ነበሩ።

የቀጠናው ውጤት በግንቦት መጀመሪያ ወጣ። ዋንጫው የተሰጠው አሞራ ገደል አካባቢ ላለች አንዲት ትንሽ አጥቢያ ነው። የዚያ ምዕመናን አብዛኞቹ ዓሣ ሻጮች ናቸው፤ ቅዳሜ በዓሣው መጠን ይጣላሉ፣ እሑድ ጠዋት ከመዝሙሩ በፊት በር ላይ ይቅር ይባባላሉ። ሰብሳቢያቸው ቅጹን ሲሞሉ የሚደበቅ ነገር መኖሩን የነገራቸው ስላልነበረ እውነቱን ጻፉት፤ ሃያ ሦስት ጠብ፣ ሃያ ሦስት እርቅ። ቀጠናው በዚህ ተደንቆ መመሪያውን ለወጠ። ዘጠነኛው ጥያቄ ከእንግዲህ «የተፈጸመ እርቅ ብዛት» ሆነ፤ ሪፖርቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተስተካክሎ ይቅረብ ተባለ። ያች እንቁላል የመሰለች ዜሮ በአንድ ጀንበር የመጨረሻው ነጥብ ሆና ቁጭ አለች።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ደምሴ ስፌት ቤቱ መጡ። ሩሀማ የሠርግ ልብሷን እየለካች፣ ታቢታ በጉልበቷ ተንበርክካ የጫፉን እጥፋት በመርፌ ቁልፍ እያያዘች ነበር።

«ያ ጠባችሁ» አሉ ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁንም አለ?»

«የለም፣ ጋሼ» አለች ታቢታ። «እርስዎም ጽፈውልናል።»

«ደብዳቤ ይሻራል። እስከ እሑድ ትንሽ ብትመለሱበት ምን ይላችኋል? ፎቶ አንሺ ይዘናል።»

«ሠርጌ ደርሷል፣ ጋሽ ደምሴ» አለች ሩሀማ። «የምጣላበት ጊዜ የለኝም።»

«እኔም የምለው እሱኑ ነው። የሠርግሽ ፈቃድ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው፤ ገና አልፈረምኩም። ጫና ማድረጌ አይደለም። ብቻ ባልታከመ አጥቢያ ውስጥ ሠርግ ማድረግ...» የቀረውን ሐሳብ ለመንፈስ ቅዱስ ትተው ወጡ።

ሩሀማ በነጭ ልብሷ እንደቆመች ፊቷ አመድ መሰለ። ታቢታ የመርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከመዳፏ አንሥታ ሣጥናቸው ውስጥ መለሰች።

እሑድ መጋቢ ፋሲል ማስታወቂያ አነበቡ። ጠብ ያላቸው ወገኖች ከአምልኮ በኋላ በግቢው ዛፍ ሥር ባለው ጠረጴዛ እንዲመዘገቡ፣ እርቁም በዕለቱ የሚሰጥ መሆኑን ገለጹ። ጋሽ ደምሴ አዲስ መዝገብ ከፍተው ተቀመጡ። በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ ተሠምሯል፤ «ስም» እና «የተጣሉት ከማን ጋር»። ፎቶ አንሺው ከአጠገባቸው ቆመ።

ማንም አልመጣም። ሕዝቡ ሦስት ዓመት ሙሉ ሠልጥኗል። እንደ ሰይፍ የሚተያዩ ሰዎች ጎን ለጎን፣ ጥርሳቸውን እያሳዩ፣ በፍጹም ጤንነት ጠረጴዛውን አልፈው ወደ በሩ ሄዱ።

ታቢታ ሰው ፊት መናገር አትወድም፤ መዘመር እንኳ የቻለችው ከሩሀማ ድምፅ ጀርባ እየተደበቀች ነው። ዛሬ ግን ብቻዋን ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የጋሽ ደምሴ ፊት በራ።

«ታቢታ» እያሉ መጻፍ ጀመሩ፤ «ከእህት ሩሀማ ጋር።»

«ከሩሀማ ጋር አይደለም፣ ጋሼ። ከእርስዎ ጋር ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። «እኔ ምን አደረግሁሽ?»

«አልተጣላሽም ብለው ጻፉልኝ። አሁን ደግሞ ጓደኛዬን በሠርጓ ያስፈራሩብኛል። ተቀይሜዎታለሁ። ይቅር ልልዎም ነው የመጣሁት፤ ግን መጀመሪያ ይጻፉት።»

ጋሽ ደምሴ ወደ ፎቶ አንሺው አዩ፣ ወደ መዝገቡም አዩ። ከስሟ ጎን ያለው ሣጥን ባዶ ነው። ባዶ ሣጥን ደግሞ በሕይወታቸው ታግሠው አያውቁም። በገዛ እጃቸው «ደምሴ» ብለው ሞሉት። ያለ ፍሬ የሚቀርብ እርቅ ለሪፖርት እንደማይመች ስለሚያውቁም የሠርጉን ፈቃድ አስመጥተው እዚያው ፈረሙ፤ ተነሥተውም ታቢታን ይቅርታ ጠየቁ። ካሜራው ብልጭ አለ።

ከኋላዋ ሩሀማ ቆማ ነበር። ከሩሀማ ኋላ ደግሞ የድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ሙሉቀን፤ ካቻምና ከወንድሙ ጋር በውርስ ቤት ተጣልቶ ሽምግልና ቢጠይቅ፣ በዚች አጥቢያ ወንድምና ወንድም አይጣሉም ተብሎ የተመለሰ ሰው ነው። ከእሱ ኋላ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ከእነሱ ኋላ አንዲት በከዘራ የሚሄዱ እናት። በሩ ላይ የደረሱትም ተመለሱ። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ሲይዝ ባጃጅ ነጂዎች እየቆሙ የሚታደለው ዘይት ነው ወይስ ስኳር እያሉ ይጠይቁ ጀመር። በሁለተኛው ዓምድ ላይ የሚሰፍረው ስም ግን አንድ ነበር። ጋሽ ደምሴ ከአሥረኛው ሰው በኋላ ስማቸውን መጻፉ ደክሟቸው፣ «እንደ ላይኛው» የሚል ምልክት ብቻ ያደርጉ ነበር።

ለእያንዳንዱ ሰው ተነሡ፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ተሳሳሙ፣ ተቀመጡ። የመጨረሻው ሰው ሲሄድ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። መዝገቡን ወደ ራሳቸው ስበው፣ ጣታቸውን ከስም ወደ ስም እያወረዱ አነበቡት። እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡት። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ፈቃዱን ይዛ ዛፉ ሥር የቀረችው ታቢታ እንባቸውን አየች። ሽማግሌ ሰውን በሕዝብ ፊት ያን ያህል ማዋረዷ ቆጫት። ጠጋ ብላ፣ በልባቸው እንዳይዙት፣ ሰው ሁሉ በእውነት ይቅር እንዳላቸው ልትነግራቸው ጎንበስ አለች።

«አርባ አንድ» አሉ ጋሽ ደምሴ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «አሞራ ገደሎች ሃያ ሦስት ናቸው። በአሥራ ስምንት በለጥናቸው እኮ።»

ቀና ብለው በአባትነት አዩዋት።

«እስቲ አሁን እኔ ባልኖር፣ ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ከየት ታመጡት ነበር?»