ሰላማዊትን ፌዴራል ፍርድ ቤት ጠራት

መርካቶ ውስጥ ማዕረግ የሚሰጠው ለጨረሰ ሳይሆን ለጀመረ ነው። መድኃኒት ቤት ሁለት ወር ዕቃ ሲያቀብል የነበረ ሰው ዕድሜ ልኩን «ዶክተር» ይባላል። የሚኒባስ ሞተር ፈትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው ጎረቤታችን «ኢንጂነር» ነው። እኔ ደግሞ ከዓመታት በፊት የማታ ሕግ ትምህርት ጀምሬ ከሁለት ዓመት በኋላ ስላቋረጥሁ፣ ክርና ቁልፍ በምሸጥበት ዱባይ ተራ «ጠበቃው» ተብዬ ቀርቻለሁ። ከአከራዩ የተጣላ፣ ውል ሊፈርም የፈራ፣ ሚስቱን ሊፈታ ያሰበ ሁሉ ቁልፍ የሚገዛ መስሎ ይመጣል። ቁልፍ ግን አይገዛም።

ይህን የማወራችሁ ለመኩራራት አይደለም። ነገርን በግማሽ የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱን እንዴት እንደሚያስለቅስ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

እትዬ ሙሉነሽ ከሱቄ አጠገብ ነጠላ ጫማ ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በዚያች ሱቅ ያሳደጓት አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሰላማዊት። ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከሄደች ቆይታለች፤ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ትተዳደራለች፤ ዜግነትም አግኝታለች። በየቀኑ ጠዋት ትደውላለች። ምን እንደበላች፣ ከየትኛዋ የሥራ ባልደረባዋ ጋር እንደተኳረፈች፣ ጥርሷን የትኛው በኩል እንዳመማት እትዬ የማያውቁት ነገር የለም። እኛም በእሳቸው በኩል የማናውቀው የለም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታዲያ እትዬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ክው ብለው ቀሩ። ልጅቷ «እማዬ፣ ፌዴራል ፍርድ ቤት ጠርቶኛል» እንዳለቻቸው መስመሩ ተቋርጧል። ደጋግመው ቢሞክሩ አልገባ አለ።

እናንተም እንደምታውቁት በእኛ ሠፈር «ፌዴራል» የሚለው ቃል ሲሰማ ሰው መጀመሪያ መንገድ ይለቃል፤ ምን ተፈጠረ ብሎ የሚጠይቀው ኋላ ነው። እትዬ መንገድ የሚለቁበት ስላጡ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ ጠበቃ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ማለት ምን ማለት ነው?»

አላውቅም ብላቸው ምን ነበረበት? ግን የተማሩትን የመናገር ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርሁ። አሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ፍርድ ቤት አለው አልኳቸው፤ ፍቺው፣ ውርሱ፣ ድብድቡ፣ ተራው ስርቆት በአብዛኛው እዚያው ያልቃል። ፌዴራሉ የሚመጣው የመላ አገሪቱ ሕግ ሲነካ፣ ወይም ነገሩ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

«ለምሳሌ ምን ሲደረግ?»

«ሐሰተኛ ገንዘብ ማተም፣ ባንክ መዝረፍ፣ አደንዛዥ ዕፅ ማዘዋወር...»

አራተኛው ላይ ሳልደርስ እትዬ በርጩማው ላይ ዘፍ አሉ።

ከፊት ለፊታችን ጃንጥላ የሚሸጡት ጋሼ ሽኩር ለቅሶውን ሰምተው ብቅ አሉ። ሰላማዊትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ነገሩን ካዳመጡ በኋላ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ፤ ከሰዓት በኋላ የቤታቸውን ካርታ በፕላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ተመለሱ።

«ዋስ ከተፈለገ ይኸው» አሉ።

ማንም አልሳቀም። እኔም የኮልፌ ቤት ካርታ እዚያ እንደማያገለግል ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም።

«እሺ ቢፈርዱባትስ፣ ይግባኝ አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ ጋሼ ሽኩር።

አለ እንጂ! ምስክር የሚሰማው፣ ማስረጃ የሚታየው ከታች ነው። ከዚያ በላይ ይግባኝ ሰሚው አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ፤ ምስክር እንደገና አይሰሙም፤ የታችኛው ዳኛ ሕጉን ስቶ እንደሆነ መዝገቡን ያያሉ። ከሁሉም በላይ ዘጠኝ ዳኞች አሉ፤ እነሱ የሚያዩትን ጉዳይ የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ አብዛኛውን አያዩትም። እነዚህን ዳኞች ሁሉ ፕሬዚዳንቱ ያጫቸዋል፣ ሴኔቱ ያጸድቃቸዋል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ነው።

«ዕድሜ ልክ!» ብለው እትዬ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ።

«ሹመቱ ነው እትዬ! የዳኞቹ ሹመት ነው፤ እስራት አይደለም!»

የሚሰማኝ አልነበረም።

ሰላማዊት በማግስቱ ጠዋት ደወለች። ስልኳ ተበላሽቶባት ነበር። የተጠራችው ደግሞ ለክስ ሳይሆን የአገሩ ዜጋ በመሆኗ ዕጣ ወጥቶባት ነው፤ ከሌሎች ሰዎች ጋር ተቀምጣ አንድ ተከሳሽ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እንድትወስን። እትዬ ይህን እንደሰሙ እልል አሉ። እኩለ ቀን ሳይሆን ተራው በሙሉ «የሙሉነሽ ልጅ አሜሪካ ዳኛ ሆነች» እያለ ነበር። ዳኛው ሌላ ነው፣ እሱ ሕጉን ያስረዳቸዋል፣ እነሱ የሚወስኑት ሰውየው ድርጊቱን መፈጸሙን ነው ብዬ ላርም ሞከርሁ። ምቀኛ ተባልሁ።

ዕጣ ከወጣባቸው ብዙዎቹ በዳኛውና በጠበቆቹ ተጠይቀው ሲመለሱ ሰላማዊት ከሚወስኑት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዷ ሆና ተመረጠች። ከዚያ ወዲያ ነው የእትዬ መከራ የጀመረው። ልጅቷ ስለ ጉዳዩ ለማንም እንዳትናገር ተከልክላለች። ጥርሷን እንኳ የትኛው በኩል እንዳመማት ትነግራቸው የነበረች ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ስለዋለችበት ነገር ዝም አለቻቸው። «ደክሞኛል እማዬ» ብቻ። ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ።

«እኔ እናቷ ነኝ፣ ለማን እናገርባታለሁ?» ይሉኝ ነበር እትዬ። ነጠላ ጫማ በሚገዛው ሰው ሁሉ ፊት ነው ታዲያ ይህን የሚሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ችሎቱ አበቃ፤ ልጅቷም እንድትናገር ተፈቀደላት። ስትደውል እኔና ጋሼ ሽኩር እዚያው ነበርን። እትዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት።

ተከሳሹ በፖስታ አደንዛዥ ዕፅ ከግዛት ግዛት ይልካል የተባለ ወጣት ነበር። እነሱ ተዘግቶባቸው ሲመክሩ አሥራ አንዱ ጥፋተኛ ነው ብለው ቶሎ ተስማሙ፤ ሰላማዊት ብቻ ቀረች። አሥራ ሁለቱም ካልተስማሙ ደግሞ ፍርድ የለም። አንድ ቀን ሙሉ ማስረጃውን መልሳ መላልሳ አየችው። በመጨረሻ እሷም ጥፋተኛ ነው አለች። አዳራሹ ውስጥ ዳኛው አንድ በአንድ «ውሳኔሽ ይህ ነው?» እያለ ሲጠይቃቸው፣ ተራዋ ደርሶ ቆመች።

«እናቱ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች እማዬ። አዎ ስል አየችኝ።»

እትዬ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ማድረጉን እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው አታልቅሺ» አሉ፤ እሳቸው ግን እያለቀሱ ነበር።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ልጅ ይግባኝ ይላል አይደል? ወደ እነዚያ ወደ ሦስቱ?»

«መብቱ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልጸልይ? ይፍቱት ብዬ ነው፣ ወይስ ልጄ አልተሳሳተችም ይበሉ ብዬ?»

ሁለት ዓመት የተማርሁት ትምህርት እዚህ ላይ አልደረሰም ነበር። ብጨርሰውም ኖሮ የሚደርስ አይመስለኝም። ጋሼ ሽኩር ጃንጥላዎቻቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ የሚስተካከል ጃንጥላ አልነበረም።

እትዬ በማግስቱ ሱቃቸውን አርፍደው ከፈቱ። ቤተ ክርስቲያን ቆይተው መምጣታቸው ነበር። ስለ ሁለቱ ልጆች መወሰን ቢያቅታቸው፣ ለተፈረደበት ልጅ እናት ይጸለይላት ብለው ቄሱ ዘንድ ቀርበዋል። ቄሱ እስኪርቢቷቸውን አዘጋጅተው የክርስትና ስሟን ጠየቋቸው።

«ስሟን አላውቀውም አባቴ። ልጇ የታሰረባት እናት ብለው ይጻፉልኝ።»

ቄሱ ልጅ በታሰረባቸው እናቶች ስም ከሞላው ወረቀታቸው ቀና አሉ።

«የትኛዋ?»