አርባኛው ሰውና ብስኩቱ

አናጺው፦ እኔ እኮ ስለዚህ ብስኩት አንዲት ነገር ብቻ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ፕሮፌሰሩ፦ አይነገርም! ደወሉ እስኪጮህ ስለ ብስኩቱ ማውራት ክልክል ነው ብያለሁ፣ ክልክል ነው።

አናጺው፦ አንዲት ቃል ናት እኮ።

ፕሮፌሰሩ፦ በአንዲት ቃል ነው የሚጀመረው! መጀመሪያ ቃል፣ ቀጥሎ እጅ፣ ከዚያ አፍ!

(ሽማግሌው አናጺ ወደ ጥናት ክፍሉ የመጡት የሚወላገደውን ጠረጴዛ ሊያስተካክሉ ነበር። ጨርሰው መጋዛቸውን ሲሰበስቡ ፕሮፌሰሩ እያለከለከ ገባና ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ፊታቸው ሳህን፣ ሳህኑ ላይ አንድ ብስኩት፣ አጠገቡ ለአሥራ አምስት ደቂቃ የተሞላ ደወል።)

አናጺው፦ እሺ፣ ዝም አልኩ። ግን እኔን ለምን ፈለጉኝ? እኔ የማውቀው እንጨት ነው።

ፕሮፌሰሩ፦ አርባኛው ሰው ቀረብኝ አባባ! የማጠናው ሰው ለምን ሳያስብ ዘሎ እንደሚወስን፣ እንዴትስ ራሱን እንደሚገዛ ነው። የአርባ ሰው ውጤት እስከ ስድስት ሰዓት ለኮሚቴው ካልላክሁ ጥናቱ ይዘጋል፣ ክፍሉንም ይነጥቁኛል። የስድስት ዓመት ልፋቴን ውኃ በላው ማለት ነው!

አናጺው፦ ውይ፣ እሱስ አይሁን። እግዚአብሔር ይርዳዎት። ምን ላድርግ?

ፕሮፌሰሩ፦ ብስኩቱን አሁን ከበሉ ያው አንድ ነው። ደወሉ እስኪጮህ ከታገሡ ግን ሙሉ ፓኮ ይሰጥዎታል።

አናጺው፦ (ደንገጥ ብለው) ከዚሁ ዓይነት?

ፕሮፌሰሩ፦ ከዚሁ!

አናጺው፦ እንግዲያ ፓኮውም ይቅርብኝ።

ፕሮፌሰሩ፦ (እየጻፈ) «ሽልማቱን እስከ መናቅ ደርሰዋል።» ድንቅ ነው! ምራቅዎ አልመጣም?

አናጺው፦ ኧረ ምንም።

ፕሮፌሰሩ፦ እጅዎንስ አያሳክክዎትም?

አናጺው፦ ትንሽ። ሙጫ ነክቶኝ ነው።

ፕሮፌሰሩ፦ (እየጻፈ) «እጅ ከኅሊና ጋር ይታገላል።» በልብዎ ምን እያሉ ነው?

አናጺው፦ እስከዚህ ዕድሜ ጥርሴን ስለ ጠበቀልኝ ተመስገን እያልኩ።

ፕሮፌሰሩ፦ ምስጋና ምኞትን ያበርዳል! ይሄንንስ በየትም አላነበብኩት።

አናጺው፦ ሠላሳ ዘጠኙስ? በሉ?

ፕሮፌሰሩ፦ አንድም ሰው አልበላም! አንዳንዱ አንሥቶ አየው፣ አንዷማ ሳህኑ ላይ ቋ ቋ አድርጋ መለሰችው። ግማሹ ይበላል ብዬ ነበር፣ ሁሉም ብረት ሆኑብኝ!

አናጺው፦ ታዲያ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ብስኩት ያቀርባሉ?

ፕሮፌሰሩ፦ ያልተበላ ብስኩት ምን ብዬ ልቀይር? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሱው ነው። አራት ወር ሊሞላው ነው።

አናጺው፦ (አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው) ፕሮፌሰር፣ እባክዎ፣ ስለ ብስኩቱ...

ፕሮፌሰሩ፦ ክልክል! አራት ደቂቃ ቢቀርዎ ነው። ጠንከር ይበሉ አባባ!

(ፕሮፌሰሩ ክፍሉን ይዞራል። ሰዓቱን ያያል። ይቀመጣል። ይነሣል። እንደገና ሰዓቱን ያያል። ኮምፒውተሩን ይከፍታል።)

አናጺው፦ ምን ሊያደርጉ ነው?

ፕሮፌሰሩ፦ ልልከው።

አናጺው፦ ደወሉ አልጮኸም እኮ! ስድስት ሰዓትም ገና ነው።

ፕሮፌሰሩ፦ እርስዎ እንደማይበሉ ፊትዎ ይናገራል! «አርባ ከአርባ ራሳቸውን ገዝተዋል።» (ቁልፉን ይጫናል) ሄደ! ተገላገልኩ! ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። ይሄም ከእንግዲህ ሥራ የለው...

አናጺው፦ ኧረ በፈጠረዎ! ተዉት!

(ፕሮፌሰሩ ብስኩቱን ይነክሳል። ቀጭ! ጉንጩን ይዞ ወንበር ላይ ዘፍ ይላል። ደወሉ ይጮኻል።)

አናጺው፦ አሁን ማውራት ይቻላል?

ፕሮፌሰሩ፦ ጥርሴን! ወይኔ ጥርሴን! ምንድን ነው ይሄ?

አናጺው፦ ጠረጴዛውን ሳስተካክል ከእግሩ ሥር የምወትፈው ሽብልቅ አጣሁና እሱን ወተፍኩት። በመዶሻም መታሁት፣ ንቅንቅ አላለ። ኋላ ልክ የሆነች እንጨት ሳገኝ ጠራርጌ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሠላሳ ዘጠኙም ምኞታቸውን የገዙ እንዳይመስልዎ። ለጥርሳቸው አዝነው ነው።

ፕሮፌሰሩ፦ ከጠረጴዛ እግር ሥር?! ታዲያ ምናለ ቢነግሩኝ!

አናጺው፦ ደወሉን ስጠብቅ ነበር።

ፕሮፌሰሩ፦ (ራሱን ይዞ) ጉዴ ፈላ! ማንም ሊበላው የማይችል ብስኩት አቅርቤ አርባ ሰው ታገሠ ብዬ ልኬያለሁ! ኮሚቴው ምን ይለኛል?

አናጺው፦ (መሣሪያቸውን አንግተው፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ) አይዞዎት፣ ሃያ ደቂቃ አለዎት። እውነቱን ይጻፉና መልሰው ይላኩ። እግዚአብሔር ሲረዳዎት ደግሞ አልታገሥም ያለ አንድ ሰው ዛሬ ተገኝቷል። አርባ አንደኛ ብለው ያስገቡት።