ከቋጥኙ ስር ያለው ነጭ አፈር

ሰው ስለ ፏፏቴ ሲያወራ የሚያወራው ስለሚወርደው ውሃ ነው። ያምራልና አይፈረድበትም። እኔ ግን የካ ተራራ ስር ስላደግሁ ዓይኔ የሚሄደው ከውሃው ጀርባ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ጠንካራውን ድንጋይ ፊት ለፊት አይገጥመውም፤ ብልጥ ነው። ከስሩ ያለውን ለስላሳ አፈር ቀስ እያለ ይልሰዋል። ድንጋዩ አናት ላይ ምንም እንዳልጎደለበት ተኮፍሶ ይቀመጥና አንድ ቀን ክብደቱ ትዝ ይለዋል። ያን ጊዜ ቁም ነገሩ እናንተ ከስሩ አለመሆናችሁ ነው።

እትዬ ጥሩነሽ ከስሩ ነበሩ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከእንጦጦ ተነስታ ወደ ቀበና የምትወርድ ትንሽ ጅረት ነበረችን፤ በጋ ትጠፋለች፣ ክረምት ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ አናት ላይ ትወረወራለች። የእትዬ ጥሩነሽ ቤት ከቋጥኙ ዝቅ ብሎ ዳገቱ ላይ ነበር። ሟች ባላቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው፤ ከዚያ ቤት በቀር በዚህ ዓለም ምንም አልነበራቸውም። ከቋጥኙ ስር ታዲያ ውሃው የጀመረው ጎድጓዳ አለ፤ ውስጡ ያለው አፈር ነጭ፣ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ፣ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ኖራ የሚያስንቅ። ሰፈሩ በሙሉ ለመስቀል ቤቱን የሚያሳምረው በዚሁ አፈር ነበር። ውሃ የጀመረውን እኛ በዶማ አገዝነው።

ለጎረቤት አፈር አይከለከልም፤ እሳቸውም አይከለክሉም ነበር። ጎድጓዳው ሰውን ከነቁመቱ ማስገባት ሲጀምር ግን ሰጉና አፉን በእሾህ አጠሩት። አይ ሰፈር! «ደግሞ በአፈር መሰሰት መጣ?» ተባለ። የእድር ሴቶች ሰላምታ ነፈጓቸው። ብዙም ሳይቆይ እሾሁን ራሳቸው አነሱት። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ጎረቤት ማጣት ቀላል ነገር አይደለማ።

ከዚያ ቀበሌ ሄዱ። «ልጄ፣ ወይ ድንጋዩን አስፈልጥልኝ፣ ወይ ቆፋሪውን ከልክልልኝ» አሉት ሊቀመንበሩን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዋጅ የሚወድ ሰው ነበር እንጂ። «እናቴ፣ መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ድንጋዩም የሕዝብ ነው። ሰፊው ሕዝብ ሳይወያይበት ማንም አይነካውም» አላቸው። ለእሁድ ስብሰባ የመጨረሻ አጀንዳ ሆኖ ተያዘ። እሁድ መጣ፤ ኢምፔሪያሊዝምን ስናወግዝ ሰዓቱ አለቀ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እኛስ ብንሆን? እጁን አውጥቶ «የእትዬ ጥሩነሽ ነገርስ?» ያለ አልነበረም። ቤቶቻችን ገና አልተቀቡማ!

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ አላባራ ባለበት አንድ እሁድ፣ ስብሰባ ተቀምጠን ሳለ ምድር ተንቀጠቀጠች። ተኩስ መስሎን ወንበር ስር የገባንም ነበርን። ለካስ አጀንዳው ራሱ ተነስቶ ወርዷል።

እትዬ ጥሩነሽን ያተረፋቸው በየሳምንቱ የሚያማርሩት ያ ስብሰባ ነው። ቤታቸው ግን የለም፤ ከቤቱ የሚበልጥ ድንጋይ ተቀምጦበታል። አላለቀሱም። ድንጋዩን እየዞሩ በራቸው የነበረበትን ቦታ ይፈልጉ ነበር።

መቼም ደግ ሰፈር ነን። እንጨት ያለው እንጨት፣ ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮ አምጥቶ ሜዳው ላይ አንዲት ክፍል ቀለስንላቸው። የግድግዳው ጭቃ ጠጠር ሲል ነጭ አፈር በጆንያ ተሸክመን መጣን። እትዬ ጥሩነሽ እፍኝ ዘግነው አዩት።

«ከየት ያመጣችሁት ነው?»

«ከወዲያኛው ቋጥኝ ስር ነው፣ እትዬ።»

«ከቋጥኙ በታች ማን አለ?»

አቶ በላይ ከነልጆቻቸው እንዳሉ ነገርናቸው። አፈሩን ወደ ጆንያው መለሱና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«የኔ ቤት እንዲሁ ይቅር» አሉ።

እንዲሁ ቀረ። እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ጥቁር ግድግዳ ውስጥ ኖሩ። እኛም «ቤት ሠርተንላቸው ጭራሽ ኮሩብን» እያልን አማናቸው። አፈሩን ግን አልደፋነውም፤ መስቀል ደርሶ ስለነበር ለየቤታችን ተከፋፈልነው።