ከጨረር ቤት የመጣው አባት

ከውጪ የገባ ሰው አራስ ቤት ዘው አይልም። ይሄ ሰበታም፣ ሱሉልታም፣ እኛ ቡራዩም ያለ ሕግ ነው። መጀመሪያ በር ላይ ቁጭ ይላል፣ የመንገዱ ነፋስ ይወጣለታል፣ ከዚያ ሕፃኑን ያያል። ከአምቦ መንገድ ለመጣ ሰው ትንሽ መቀመጥ ይበቃዋል። ከኒውትሮን ለመጣስ?

ባሌ የላብራቶሪ ሠራተኛ ነው። ልጃችን ስትወለድ ለሥልጠና ውጭ አገር ነበር። ምን ትሠራለህ ብዬ በስልክ ብጠይቀው ቀዝቃዛ የኒውትሮን ጨረር እናጣራለን አለኝ። ጨረር ካለ በኋላ እንቅልፍ የት አለ?

ኒውትሮን ዓይን የማያየው ቅንጣት ነው አሉ። ቀዝቃዛ የሚባለው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው። እንደ ትንሽ ማግኔት ስለሆነ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞሩታል፣ ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ እንደሚቆም ምእመን። ግን ቅንጣቱ እንደ ሞገድም ስለሚሄድ፣ ከሚፈለገው ረጅም ሞገድ ጋር ያልተፈለገ አጭር ሞገድ ተደባልቆ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ብረት አቀዝቅዘው መንገዱ ላይ ያቆማሉ፤ አጭሩ ወደ ጎን ይበተናል፣ ረጅሙ ያልፋል። ወደ ምሥራቅ የቆመ ሁሉ ለጸሎት አልመጣም ማለት ነው። ይሄማ ገባኝ። ያልገባኝ የተበተነው የት እንደሚሄድ ነው። የባሌ ልብስ ላይ ቢቀርስ?

ሲመጣ በር ላይ አስቀመጥኩት። ልብሱን አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩ፣ ደግሜ አጠብኩ። እሱ ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኛ። ስንወጣ በመሣሪያ እንፈተሻለን፣ ይዤ የመጣሁት ነገር የለም ብሎ ማለልኝ። መሣሪያው ቢሳሳትስ አልኩት። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ፣ ባልሽን እንደ በርበሬ ልታሰጪው ነው ወይ አሉኝ። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር ፍራሹን ወደ በሩ ሳብ አደርጋለሁ። አራስነቴ አለቀ፣ ሕጉ ግን አላለቀም። እሱም ሳትነቃ ይወጣል፣ ከተኛች በኋላ ይገባል።

አንድ ቀን ከፍራሹ ላይ ሆኖ፣ ማጣሪያ እኮ ከሚፈለገውም ትንሽ ያስቀራል አለኝ። ስለ ብረቱ የሚያወራ መስሎኝ እሺ አልኩት።

በመጨረሻ ልጅቷን ለዘጠኝ ወር ክትባት ስወስድ ስለ ጨረሩ ነርሷን ጠየቅኋት። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፣ ይልቅ አባቷ ይቀፋት አለችኝ። ቤት ስገባ ሰጠሁት። እጁን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ነው የጠበቃት። ልጄ ፊቱን አየችና እሪ አለች። አዴ ጫልቱ ከገበያ መመለሳቸው ነበር፤ ከነአቧራቸው ዘው ብለው ሲቀበሉት አንገታቸው ሥር ገብታ ዝም አለች። አይዞህ፣ እንግዳ ሆነህባት ነው አሉት።

ባሌ ሄዶ በር ላይ ቁጭ አለ።